ጉራ ያቆስላል እንጂ አይገድልም

በአማርኛ ፉከራ ውስጥ ጠመንጃ ሁልጊዜ ይጮኻል። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ለበኑ፣ ዲሞትፈሩ በየስሙ ይጠራል፤ ይወደሳል። ባለቤቱ ከአደኑ በፊት ስንት ማለዳ ተነሥቶ ዒላማ እንደ ተለማመደ የሚነግረን ፎካሪ ግን ከስንት አንድ ነው። ድምፅን ከዒላማ የማስበለጥ አባዜ የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍነው። ሆኖም በጥቅምትና በኅዳር ለአጋዘን አደን ወደ አሜሪካ ጫካዎች የሚወጣው ብዙ አዳኝም ቋንቋው ይለይ እንጂ ፉከራው ያው ነው።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራውን የ.30-06 ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ይገዛል። ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። የአደኑ ወቅት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ አምስት ጥይት ወደ ወረቀት ይተኩሳል፤ ሦስቱ ከተቀራረቡለት «በቃኝ» ብሎ ይሄዳል። በትንሿ .22 ተለማመድ ቢሉት «የልጅ መጫወቻ!» ብሎ ይስቃል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ትንሿ ጠመንጃ የአዳኝ ትምህርት ቤት ናት፤ እርሷን የናቀ ሰው የንቀቱን ዋጋ በሌላ ፍጡር ገላ ይከፍላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ጠመንጃ ይራገጣል። ትከሻ ርግጫውን አንዴ ከቀመሰ በኋላ ቃታው ገና ሳይሳብ ይሸሻል፤ ዐይን ይጨፈናል፤ ጣት ይቸኩላል። በትልቁ ብቻ የሚለማመድ ሰው ሳያውቀው ፍርሃትን ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ የምትታወቀው የ.22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ግን እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ነው፤ ትከሻ አትመታም። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አትደብቅም፤ ስትስት የሳትከው አንተ ነህ። ዋጋዋ ሳንቲም ነው፤ የትልቁ አንድ ጥይት ግን ከ1 ዶላር በላይ ያስወጣል። ስለዚህ ቆሞ፣ ተንበርክኮ፣ ዛፍ ተደግፎ መቶ ጊዜ መተኮስ ይቻላል፤ አጋዘን ጠረጴዛ ይዞ አይመጣምና። በ50 ሜትር የተስተካከለች .22 በ100 ሜትር ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ነፋስም በቀላሉ ይገፋታል። ርቀትና ነፋስ ማንበብን ከዚህ የተሻለ ማን ያስተምራል? «መጫወቻ» የተባለችው ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ እንደምትጓዝም አይዘንጋ።

«ማደኛህ በሆነው ጠመንጃ ተለማመድ» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። .22 ርግጫን መቻል አታስተምርም፤ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶችም አጋዘን ሊታደንባት አይፈቀድም። እንግዲያው ልምምዱ በትንሿ ይብዛ፤ ማረጋገጫው በትልቁ ይሁን። «ትልቅ ጥይት ስሕተትን ይሸፍናል» የሚለው ግን ክህደት ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያረፉበት ስፍራ ከመካከለኛ ሰሃን አይበልጥም። ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ያለፈች ጥይት፣ የቱንም ያህል ብትተልቅ፣ ሆድ ዕቃ ትበሳለች። እንስሳው ለሰዓታት ደሙን እያዘራ ይሄዳል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ወድቆ ይሞታል፤ ሥጋውንም ያ አዳኝ አይበላውም። የሌላ ሰው ገንዘብ ቆጥሬ ለማድር ለእኔ ይህ በማንም መዝገብ ያልሰፈረ ጉድለት ነው።

ኧርነስት ሄሚንግዌይ እንኳ፣ ያ ሁሉ የጀግንነት ዝናው እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው «የአፍሪካ አረንጓዴ ኮረብቶች» ውስጥ አቁስሎ ስላጣው እንስሳ ሳይደብቅ ጽፏል። የደራሲውን ጠመንጃ የሚያደንቁ አንባቢዎች ያንን ገጽ ደግመው ቢያነቡት መልካም ነው። ኖርዌይ ደግሞ ጉዳዩን ለሕሊና ብቻ አልተወችውም፤ ትላልቅ እንስሳትን የሚያድን ሰው በየዓመቱ በ100 ሜትር ርቀት 5 ጥይት ተኩሶ ፈተናውን ማለፍ አለበት። በአሜሪካ የአዳኝነት ትምህርት ባብዛኛው አንዴ ተወስዶ ያበቃል። በየዓመቱ የሚፈትን በሌለበት አገር ፈታኙ ሕሊና ነው፤ የፈተናው ወረቀትም ትንሿ ዒላማ ናት።

ይህን የግጥም ወዳጅ ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በስምንት ቤቱ መወድስ አይጀምርም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየተነቀፈ፣ እየታረመ፣ ቤት እየደፋ ይውላል። ጉባኤ ቃናን «የልጅ መጫወቻ» ያለ መምህር አልሰማንም። ዛሬ ሁለት ስንኝ ሳያቃና ወፍራም መድበል የሚያሳትመው ገጣሚና አምስት ጥይት ተኩሶ ጫካ የሚገባው አዳኝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ ገጣሚው ያቆሰለው ጆሮ እስከ ማግስቱ ያገግማል፤ አዳኙ ያቆሰለው አጋዘን ግን ለማግስቱ ላይደርስ ይችላል።

ቢጮኽም ጠመንጃ፣ ቢመልስ ተራራ፣
ያልለመደ ጣት ነው ያጋዘን መከራ።