ያረጀች ሞተር ብስክሌት ትጣል ወይስ ትጠገን?

ሰው ሠርቶ የሚገለገልበት ዕቃ ሁሉ ያረጃል። ይሁን እንጂ ማርጀትና መሞት አንድ አይደሉም። አንዲት ሞተር ብስክሌት ከአገልግሎት ውጭ የምትሆነው ብዙውን ጊዜ ሁለመናዋ ስለ ደከመ ሳይሆን፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰብራ ምትክ ስለ ታጣላት ነው። ፋብሪካው ያንን ዓይነት መሥራት ካቆመ በኋላ ባለቤቷ ምን ያድርግ? ይጣላት ወይስ ያስጠግናት? በዚህ ጉዳይ የሰዎች አስተያየት ለሁለት የተከፈለ ነው። የእኔን ሐሳብ ከመግለጼ በፊት ግን፣ ጥያቄው የብዙ ሰዎችን የዕለት እንጀራ ወደሚነካበት ወደ አንድ ሰፈር አንባቢዬን ልውሰድ።

ኮሎሎ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የሚገኝ ኮረብታማ ሰፈር ነው። መስከረም 29 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1962) ኡጋንዳ ነጻነቷን ስትቀዳጅ ሰንደቅ ዓላማዋ የተሰቀለው በዚሁ ሰፈር ሜዳ ላይ ነበር። ዛሬ በኮሎሎ መንገዶች ዳር፣ እንደ ሌላው የካምፓላ ሰፈር ሁሉ፣ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ባለሞተሮች ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ይህ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኡጋንዳና በኬንያ ወሰን ላይ በምትገኘው በቡሲያ ሲሆን፣ መነሻውም ተራ ብስክሌት ነበር። ስሙም መንገደኛን ከድንበር ወደ ድንበር ከማሻገር የመጣ ነው። ከጊዜ በኋላ ብስክሌቱ በሞተር ብስክሌት ተተካ።

እንግዲህ ከእነዚህ ባለሞተሮች የአንዱ ሞተር ብስክሌት ዕድሜዋ የገፋ ነው እንበል። አንድ ቀን ኮሎሎ ዳገት ላይ ትቆማለች። መካኒኩ ፈትቶ ያይና የተሰበረውን ዕቃ በእጁ ይዞ፣ «ይህ ከእንግዲህ በገበያ የለም» ይለዋል። ሰውዬው በዚያች ቀን ያጣው አንድ ብረት ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን እራትና የትምህርት ቤት ክፍያ ጭምር ነው። ስለዚህ አሮጌ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ኪሴካ ገበያ ይወርዳል፤ ከዚያም ካጣ ብረት ሠራተኞች ወደሚገኙባት ወደ ካትዌ ያመራል። የአዲስ አበባም ሰው ቢሆን ሶማሌ ተራንና ምናለሽ ተራን ሳያዳርስ ተስፋ አይቆርጥም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ ይሉታል። አሮጌ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፤ ጭሱ አየር ይበክላል፤ ዛሬ ተጠግኖ ነገ ይቆማል፤ ስለዚህ ጥሎ አዲስ መግዛት ይሻላል ባዮች ናቸው። አባባላቸው ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን አዲስ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው መጀመሪያውኑ በአሮጌ አይሠራም ነበር። ከዚህም በላይ አዲሱም ያረጃል፤ ፋብሪካውም አንድ ቀን እርሱን መሥራት ያቆማል። መጣልን ብቻ የተማረ ሰው ያን ጊዜም የሚያውቀው መጣልን ብቻ ይሆናል።

የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው፤ አንድ ዕቃ ጠፋ የሚባለው ከመደብር ሲጠፋ ሳይሆን ልኩ ሲጠፋ ነው። ለምሳሌ የጎማ ኩሽኔታን እንመልከት። ባለሞተሩ በሞተር ብስክሌቱ ስም ሲጠይቅ «የለም» ይባላል። በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ ግን 6203 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይሆናል። ይህ ቁጥር የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር መሆኑን በዓለም ሁሉ ይናገራል። እንዲህ ያለው ኩሽኔታ በሌላ መኪናም ሆነ በውኃ መሳቢያ ሞተር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የዘይት መከልከያ ጎማም እንዲሁ በሦስት ልኮች ይታወቃል፤ እነርሱም የውስጡ፣ የውጩና የውፍረቱ ልክ ናቸው። በስም የታጣው በልክ ተገኘ ማለት ነው።

በገበያ ጨርሶ የማይገኘውን ደግሞ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ሥራው ዕውቀት ይጠይቃል። የተበላ ሲሊንደር በሩብ ወይም በግማሽ ሚሊሜትር ሰፍቶ በዚያው መጠን የገዘፈ ፒስቶን ይገባለታል። ፒስቶኑ ግን እጅግ ጠብቆ መግባት የለበትም። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት በእጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ክፍተት ያልተተወለት ፒስቶን ሞተሩ ሲግል ይነክሳል። ጥርስማ ብረትም በቶርኖና በሞረድ መልኩን ብቻ አስመስሎ ቢሠራ አይበረክትም፤ ብረቱ ተመርጦ በእሳት ካልጠነከረ ጥርሱ በአጭር ጊዜ ይበላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ያለ ልክና ያለ ዕውቀት የሚደረግ ጥገና ከመጣል የባሰ ኪሳራ ያመጣል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥገና ወሰን አለው። ፍሬን፣ መሪና የጎማ ቸርኬ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ናቸው። የተሰነጠቀ የመሪ ብረት በብየዳ ተለጥፎ ቁልቁለት ሲወርድ ቢሰበር፣ አደጋው ከባለሞተሩ አልፎ ከኋላው ለተቀመጠውና መንገድ ለሚያቋርጠው ሰው ይተርፋል። በእነዚህ ክፍሎች ላይ አስተማማኝ ምትክ ካልተገኘ ሞተር ብስክሌቲቱን ማቆም ግዴታ ነው። ከመሞት መሰንበት የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይሠራል።

የጥገናን ዋጋ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን ቮልስ የምንላት ትንሿ የጀርመን መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ሥራውን ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቮልስ ከአዲስ አበባ ጎዳና አልጠፋችም። የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ የሚስማማ መሆኑና መካኒኮቻችን አሠራሯን ጠንቅቀው ማወቃቸው ዕድሜዋን አራዝሞታል።

ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በባለሞተሩና በመካኒኩ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ እንደ ልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣና ስልክ ያሉትን ዕቃዎች አምራቾቻቸው እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ደንብ ደንግጓል። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ብስክሌት ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። እኔ እንደማምነው፣ አንድ ፋብሪካ መለዋወጫ መሥራት ሲያቆም ቢያንስ የዕቃውን ንድፍና ልክ ለሕዝብ መልቀቅ ይገባዋል። እርሱ ከእንግዲህ የማይሸጠውን ሌላው ሠርቶ ቢጠቀምበት ምን ይጎዳዋል?

ፋብሪካው ይህን እስኪያደርግ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ብዙ መካኒኮቻችን የእጃቸው ጥበብ ከፍ ያለ ቢሆንም የሠሩትን አይጽፉም፤ ስለዚህ ያወቁት ከእነርሱ ጋር ይቀራል። አንድ ዕቃ ገና ሳይበላ ቢለካና ልኩ በደብተር ቢሰፍር፣ በተሰበረ ጊዜ ቶርኖ ሠራተኛው በግምት አይደክምም ነበር። ወጣቶች በትምህርት ቤት የሚማሩት መለካት፣ መንደፍና በጥሩ ቋንቋ መጻፍ ለፈተና ብቻ የሚውል አይደለም። በካትዌም ሆነ በምናለሽ ተራ የባለሙያው እጅና የተማሪው ብዕር ቢገናኙ፣ ኮሎሎ ዳገት ላይ የቆመችው ሞተር ብስክሌት እንደገና ልትነሣ፣ የባለቤቷም ምድጃ ሳይጠፋ ሊያድር ይችላል።