ሣሩ ይሻገራል፤ የእንጉዳዩ ዘርስ?



 ዘመናቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ስለ ውጭ አገር ርዳታ ሲነሣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው ንግግር ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ርዳታ ሁሉ ወጥመድ ነው ይላል፤ ሌላው ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ በረከት ነው ብሎ ያጨበጭባል። በበኩሌ ሁለቱም ነገሩን ከሥሩ አልመረመሩትም እላለሁ። ለዚህም በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኘውን የፊጂን ደሴቶች አገር ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ።

በቻይና በፉጂያን ክፍለ ሀገር ሊን ዣንሺ የተባሉ የእርሻ ሊቅ በ1986 እንጉዳይን በእንጨት ፈንታ በሣር ላይ ማብቀል የሚቻልበትን ዘዴ አገኙ። ከዚያ በፊት ለእንጉዳይ እርሻ ሲባል ብዙ ዛፍ ይቈረጥ ነበር። ዘዴው «ጁንጻኦ» ይባላል፤ ትርጓሜውም እንጉዳይና ሣር ማለት ነው። በቻይና መንግሥት ርዳታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ፣ በ2014 ደግሞ ወደ ፊጂ ገባ። በፊጂም በናንዲ ከተማ አጠገብ፣ በሌጋሌጋ የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ ማሳያ ቦታ ተቋቋመለት።

ፊጂ ለዚህ ሥራ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። የዋናዋ ደሴት የቪቲ ሌቩ ምዕራባዊ ክፍል ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ያንሰዋል፤ ያን ጊዜ ከብቱ መኖ ያጣል። ጁንጻኦ ግን ከዝሆን ሣር ጋር ዘመድ የሆነ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ሣር ነው። ለጋ ሳለ ቢታጨድ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ተከትክቶና ደርቆ ከፉሩሽካና ከኖራ ጋር ቢደባለቅ ደግሞ ለእንጉዳይ መብቀያ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ሣሩና እንጉዳዩ በአንድ ስም ቢጠሩም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሣሩ እንደ ሸንኮራ አገዳ ግንዱ ተቈርጦ ይተከላል። አገዳ መትከል ደግሞ ለፊጂ ገበሬ የአባቱ ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ሸክም ቢያገኝ በዓመቱ ለጎረቤቱ ማካፈል ይችላል፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

እንጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም። ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው እንጉዳይ ከዕፅዋት ወገን አይቈጠርም፤ ገበሬ ከጎተራ የሚያወጣው ዘርም የለውም። ዘሩ የሚዘጋጀው ሌላ ሻጋታ እንዳይገባበት በንጹሕ ላቦራቶሪ ነው። በከረጢት የሚሞላው ሣርም አስቀድሞ በእንፋሎት መቀቀል አለበት። እንግዲህ ላቦራቶሪው የቆመ ዕለት የገበሬውም እንጉዳይ ይቆማል።

በሣሩም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘመዱ የዝሆን ሣር በብዙ የፓስፊክ ደሴቶች ወራሪ አረም ተብሎ ተመዝግቧል። ደግሞም በየጊዜው የሚታጨድ ሣር ፍግ ካልተመለሰለት መሬቱን ያራቍታል። በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የጓሮ እርሻ እንደ ሒሳብ ነጥብ ይሰጥበት ስለ ነበር፣ ይህን ከመጽሐፍ አስቀድሞ ያስተማረኝ አካፋ ነው።

ሰጪውም የራሱ አሳብ እንዳለው አይካድም። በ2019 የሰሎሞን ደሴቶችና ኪሪባቲ ከታይዋን ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አቋርጠው ከቤጂንግ ጋር መወዳጀታቸው፣ ትናንሽ ደሴቶች በታላላቆች ዘንድ እንዴት እንደሚፈለጉ ያሳያል። ዳሩ ግን ተቀባዩን የሚጎዳው የሰጪው አሳብ ብቻ አይደለም፤ ተቀባዩ ራሱ የሚፈልገውን ሳያውቅ መፈረሙ ይብሳል።

ለእኛም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1952 በተደረገው ስምምነት የኦክላሆማ መምህራን መጥተው በጅማ ማስተማር ጀመሩ፤ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅም አቋቋሙ። በ1968 ውላቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኮሌጁ ግን ቀረ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። የቀረውም ሕንፃው ስላማረ ሳይሆን በቦታቸው ቆሞ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ስለ ተገኘ ነው።

ስለዚህ የርዳታ ውል በጠረጴዛችሁ ላይ የሚያልፍ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ከፊርማው በፊት ሦስት ጥያቄዎች በመዝገቡ ላይ ይጻፉ። ዘሩን የሚያባዛው ማን ነው? ርዳታው ሲያልቅ የላቦራቶሪው ወጪ ከየትኛው በጀት ይከፈላል? ሥራውን ያለ አስተርጓሚ ለገበሬው ማስተማር የሚችሉ የአገሩ ልጆች ስንት ናቸው? ለእነዚህ መልስ ያለው ርዳታ ከየትም ይምጣ እንቀበለው። መልስ የሌለው ግን የሪባን መቍረጫ ቀን ብቻ ይተርፈዋል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅምና።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር