መንገደኛ የበዛባቸው፣ እንግዳ ያነሳቸው ተራሮች

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲደርስ መኪናውን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ለፍራፍሬ ነው። የሀብሩ ወረዳ ማንጎና ብርቱካን በፌስታል ይገዛል፣ ሹፌሩ «ሳይመሽ እንግባ» ይላል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ወልዲያ ላይ ምሳ ተበልቶ ወይም ታድሮ አንዱ ወደ ቆቦና አላማጣ፣ ሌላው ወደ ላሊበላ ይለያያል። በስተግራ ሳይለየው አብሮት የተጓዘውን ተራራ ግን መንገደኛው ከመስኮት አይቶት ያልፋል።

ይህ ሊቀየር ይገባል። የሰሜን ወሎ ተራሮች የአንድ ሳምንት እረፍት በእግር እየተጓዙ፣ ንጹሕ አየር እየተነፈሱና ከገበሬ ቤት እያደሩ የሚያሳልፉባቸው ናቸው። ቀዳሚው እንግዳቸውም ከባሕር ማዶ የሚጠበቀው ቱሪስት ሳይሆን ከአዲስ አበባ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚነሳው ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት።

የአካባቢው ትልቁ ሀብት ከፍታው ነው። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ወልዲያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በላስታ በኩል ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በእነዚህ ከፍታዎች መካከል ተጓዡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሙቁ ቆላ እስከ ውርጩ ይደርሳል። ሳምንቱን በመርሳና በግራና የፍራፍሬ ማሳዎች ቢጀምር፣ በስሪንቃ በኩል ሲያልፍ የግብርና ምርምር ማዕከሉ የሚሠራበትን ማሽላ በየገበሬው ማሳ ያገኘዋል። ከወልዲያ ወደ ድልብ ሲወጣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ያሽቅባል፤ ማሽላው ለገብስ፣ ሙቀቱም ለጋቢ ቦታ ይለቃል። ይህ በደርግ ዘመን ተሠርቶ ብዙዎች «የቻይና መንገድ» የሚሉት የወልዲያ–ወረታ መስመር ነው። የመቄትን ወረዳ ይዞ ጋሸና ላይ ሲደርስ ወደ ላሊበላ የሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር መንገድ ከእርሱ ይገነጠላል።

ከዚህ በኋላ መኪና አያስፈልግም። በገደሉ አፋፍ ላይ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ጭላዳዎች ከተኙበት ገደል እየተንጠላጠሉ ይወጣሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም፤ ከዝንጀሮ ዘመዶቹም ሁሉ ዋና ምግቡ ሣር የሆነው እርሱ ብቻ ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ እፍኙን ይሞላል፣ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ሳይነሳም በመቀመጫው እየተንሸራተተ ቦታ ይቀይራል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላጣ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። ወደ አቡነ ዮሴፍ ሲወጣ ደግሞ አስታው፣ ጓሳውና ጅብራው ይመጣሉ። በዓለም ላይ የቀረው ቁጥር በመቶዎች ብቻ የሚቆጠረው ቀይ ቀበሮም ከጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ እዚያ ነው። ከተራራው ግርጌ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ።

እንዲህ ያለውን ጉዞ ማስተናገድ ትልቅ ሆቴል አይጠይቅም። ይህንንም የመቄት ገበሬዎች በተግባር አሳይተዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» በሚል መጠሪያ የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም በመቋት ማርያምና በሌሎች አፋፎች ላይ በድንጋይና በሣር ክዳን የተሠሩ ጎጆዎችን አቆመ። ሻንጣውን አህያ ይሸከም፣ መንገዱን የአካባቢው ልጅ ይመራ፣ ምግቡን የቀበሌው ሴቶች ያዘጋጁ፣ ትርፉም ለማኅበረሰቡ ይገባ ነበር። ገበሬው መሬቱን ለባለሀብት ሳይለቅ አስተናጋጅ ሆነ ማለት ነው። ይህ አሠራር ወደ ጉባላፍቶና ወደ ሀብሩ ተራራማ ቀበሌዎች የማይወርድበት ምክንያት የለም።

«ሐበሻ ለመዝናናት ብሎ ተራራ አይወጣም» የሚሉ አሉ። በየዓመቱ ለመስከረም 21 ወደ አምባሰል ተጉዞ የግሸንን አቀበት በእግሩ የሚወጣው ሕዝብ ለዚህ በቂ መልስ ነው። ለገና ላሊበላ ለመድረስ ቀናት በእግሩ የሚጓዝም ሞልቷል። የሚወጣበት ምክንያት ቢለያይም አቀበት ግን እግሩን አያቅተውም። የጎደለው ምልክት ያለው መንገድ፣ የታወቀ ማደሪያና በብር የተተመነ፣ የደመወዝተኛን ኪስ የሚመጥን ዋጋ ነው።

ሌላው ጥያቄ የሰላም ጉዳይ ነው፤ ይህንን ሳያነሱ ስለ እረፍት ማውራት ተገቢ አይደለም። ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ቆይታለች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። በላሊበላ አስጎብኚው፣ የበቅሎ ባለቤቱና የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ ገቢያቸው ተቋርጦ ተቸግረዋል። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ማንም ቤተሰቡን ይዞ እንዲመጣ መጋበዝ የለበትም። ዝግጅቱ ግን ሰላሙ እስኪመጣ ሊጠብቅ አይገባም፤ በመጀመሪያው የሰላም ወቅት ገቢ የሚያገኘው የተዘጋጀ ቀበሌ ነውና።

የእረፍቱ ጊዜ በሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከነደመወዙ 16 የሥራ ቀናት የዓመት እረፍት እንዲያገኝ ደንግጓል። ብዙው ሰው ግን ይህን ጊዜ ቤት ሲያሠራ፣ ጉዳይ ሲያስፈጽም ወይም ለሠርግና ለለቅሶ ሲሮጥ ይጨርሰዋል። ከዚህ ውስጥ አምስቱን የሥራ ቀናት ከሁለት ቅዳሜና እሑድ ጋር ያገናኘ ሰው ከመርሳ ተነስቶ አቡነ ዮሴፍን አይቶ መመለስ ይችላል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት ጥቅምትና ኅዳር ለእግር ጉዞ ይመቻል።

የዞኑ አስተዳደር የመሄጃ መንገዶችን መለየት፣ ወጣት አስጎብኚዎችን ማሠልጠንና የማደሪያውን ባለቤትነት ለቀበሌ ማኅበራት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። በሥልጠናው የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሊያግዝ ይችላል። አሠሪዎችም ሠራተኛው እረፍቱን በወቅቱ እንዲወስድ ይፍቀዱለት። አዲስ ሎጅ ከመታሰቡ በፊት ግን የመቄትና የላስታ ገበሬዎች ያቆሟቸው ማረፊያዎች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ይጣራ፤ የመጀመሪያው በጀትም ጥገና ለሚያስፈልጋቸው ይመደብ።