ቤተልሔምን ሳያዩ ማለፍ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን ጎዳና ይዘው፣ ላሊበላን ለመሳለም የሚገሰግሱ መንገደኞች፣ በስተደቡብ በታች ጋይንት ምድር የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተልሔም እንዳለች ሳያስተውሉ ማለፋቸው እጅግ ያሳዝነኛል። የሣር ክዳን ባለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጅግ ጥንታዊ የሆነ አራት ማዕዘን ሕንጻ ተሰውሮ መኖሩን፣ ቶማስ ፓክንሃም የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ በ1955 እ.ኤ.አ. አይቶ ለዓለም ጽፏል፤ ለአገሩ ሰው ግን ከሕንጻው ይልቅ የሚከብረው፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ሲዋረድ የኖረበት ጉባኤ ነው።

ይህ ዜማ የተጻፈበት መጽሐፍ፣ ድጓውም፣ ያለ እጅ ጥበብ አልቆየልንም፤ የፍየሉ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና እስኪሆን፣ የዜማው ምልክትም በየፊደሉ አናት በጥንቃቄ እስኪሰፍር ድረስ የሚፈስሰው ድካም ራሱ ከጸሎት ይቆጠራል። ይህን ብራና እየተሳለምን፣ የለበስነውን ሸማ የሠራውን ሸማኔ፣ የምንበላበትን ምጣድ ያበጀችውን ሸክላ ሠሪ ግን በንቀት ስም እየጠራን ማራቃችን ታላቅ በደል ነበር፤ ዛሬም ርዝራዡ አልጠፋም።

ስለዚህ ወደ ቤተልሔም የሚወርድ እንግዳ በታች ጋይንቷ ከተማ በአርብ ገበያ ጎራ ይበል፤ ስፌቱንና ጋቢውን ከሠሪው እጅ፣ ዋጋውን ሳያራክስ ይግዛ። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮም ከዋናው ጎዳና መገንጠያ ላይ አቅጣጫ አመልካች ሊተክል፣ የእንግዳ ማረፊያም ከደብሩ ሊቃውንት ጋር መክሮ፣ የተማሪውን ጸጥታ በማይነካ ስፍራ ሊያሠራ ይገባዋል።