ለግቢያችን የትኛውን ዛፍ እንትከል?

በዘንድሮው የወላጆች ስብሰባ የግቢያችን ጥላ ጉዳይ ተነሥቶ ክርክሩ ሳያልቅ መሽቶብን ተለያየን። ያን ምሽት ያልጨረስኩትን ሐሳብ እዚህ ልጨርሰው። አብዛኛው ወላጅ በአጥሩ ዙሪያ ደመስ እንዲተከል ይፈልጋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ደመስ ፈጥኖ ያድጋል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ችግኙም በካርቱም እንደ ልብ ይገኛል። እኔ ግን አልስማማም።

ደመስ የሶማሊያና የየመን አካባቢ ዛፍ ነው፤ ሙቀት መቻሉ አያከራክርም። ጣጣው ከመሬት በታች ነው። ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ቧንቧ ይሄዳል። ከዓመታት በፊት ተከራይቼ በኖርኩበት የአል-ሳሃፋ ቤት ፍሳሹ ተዘግቶ ሲቆፈር፣ ከቧንቧው ውስጥ የወጣው ሥር እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነበር። የእኛም የመጸዳጃ ቤት መስመር የሚያልፈው በዚያው በአጥሩ ጥግ ነው።

ሱዳን በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ተጎድታለች። መስኪት የሚባለው እሾሃም ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1917 ከውጭ መጥቶ ካርቱም ውስጥ ሲተከል በረሃን የሚቋቋም ተብሎ ነበር። በእርግጥም ተቋቋመ። በኋላ ግን በጋሽና በቶከር የእርሻውን መሬት ወረረ፣ በ1995 መንግሥት እንዲጠፋ እስከ ማዘዝ ደረሰ። በአፋር የወገኖቻችንን ግጦሽ ያጠፋውም የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ አንድ ዛፍ ሲመረጥ «ይጸድቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም።

መምህር ሆኜ ደብረ ብርሃን ሳለሁ ከተማሪዎቼ ጋር ግራቪሊያ ተክለን ነበር። በኅዳር አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ጠዋት ስንመጣ አብዛኛው ችግኝ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ከአንድ መደብ፣ በአንድ ቀን የወጡ ሆነው ሳለ ጥቂቶቹ ግን ምንም አልሆኑም። ያን ጊዜ አዝኜ የጠቆሩትን ነቀልኩ እንጂ የዳኑት ከየትኛው እናት ዛፍ ዘር እንደ መጡ አልጠየቅሁም። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

የጠየቁ አሉ። ማግኖሊያ የሚባል ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ትልልቅ ነጭ አበባ ያለው ዛፍ አለ፤ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ደቡብ ነው። ከፍሎሪዳ ወደ ብርዳማው ኒው ጀርሲ ተልኮ በአንዲት ሴት ግቢ የተተከለ አንድ ማግኖሊያ ብርዱን ችሎ ኖረ። ባለሙያዎች ከእሱ ቅርንጫፍ እየወሰዱ አባዙት፤ ዛሬ «ኤዲት ቦግ» ተብሎ በባለቤቱ ስም ይጠራል። በጓሮ የቆመ አንድ ዛፍ በዓይን የሚያየው ሰው በማግኘቱ የብዙዎች እናት ሆነ።

የእኛ ውርጭ የግንቦት ፀሐይና ሐቡብ ነው። በሰፈራችን መንገድ ላይ ማንም ውኃ የማያጠጣቸው የኒም ዛፎች ቆመዋል። አንዳንዱ ቀጭን ነው፣ አንዳንዱ ግን ሻይ ሻጯን፣ ዚሩንና አምስት ደንበኛ በጥላው ይይዛል። ዘራችንን ከእነዚህ ሰፋፊዎቹ እንልቀም ነው የምለው። ኒምም ነውር የለውም አልልም፤ ለጥቂት ሳምንት ቅጠሉን ያራግፋል፣ እድገቱም ከደመስ ይዘገያል። ከፍሳሹ መስመርም አርቀን እንተክለዋለን።

አንድ አባት በስብሰባው ላይ «እኛ እንግዶች ነን፣ ነገ ለምንለቀው ግቢ ምን አደከመን?» ብለዋል። ቅር አላለኝም፤ እኔም ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ የፈታሁ ሰው አይደለሁም። ግን ይህን ቃል መጀመሪያ ስሰማው አንደኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ዘንድሮ ስምንተኛን ጨረሱ፤ ዕረፍታቸውን ያሳለፉት በጋለ ቆርቆሮ ሥር ነው። በናይል ዳር መንገድ የምንጠለልባቸውን መሆጋኒዎች ያስተከሉት እንግሊዞችም አገሩን ለቀው ከሄዱ ቆይተዋል።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ደብተር ይከፍታሉ። ለእያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር ይሰጣል፤ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ተለቀመ፣ በሳምንት ስንት ጀሪካን ውኃ እንደ ጠጣ፣ ከሐቡብ በኋላ እንዴት እንዳደረ ይጻፋል። የደረቀውም ይጻፍ። ልጆች የሞተውን ችግኝ ከመዝገብ መሰረዝ ይወዳሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ማንበብ የምፈልገው እሱን ነው።

የኒም ዘር ብዙ አይቆይም፣ በጥቂት ሳምንታት የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ፍሬው ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ልጆቹ ሥጋውን አጥበው፣ በጥላ አድርቀው፣ የዛፉን ቦታ በወረቀት ጽፈው ያምጡልኝ። ወላጆች ደግሞ ባዶ የወተት ቆርቆሮ አትጣሉ፤ ለችግኝ ማፍያ እንፈልገዋለን።