መምህርነት ሌላ ያጣ ሰው ሙያ ነውን?

“ሌላ ያጣ መምህር ይሆናል” ሲባል እንሰማለን። ከእኛ ከእጩ መምህራኑም መሐል አሜን ብሎ የተቀበለው አይጠፋም። እኛ ግን አንስማማም።

አሜሪካዊውን ደራሲ ጆርጅ ሳንደርስን እንመልከት። መጀመሪያ የተማረው ምህንድስና ነው። ቀጥሎ በሲራኪውዝ ዩኒቨርስቲ ከደራሲው ከቶባያስ ዎልፍ ዘንድ ድርሰት ተማረ፤ ኋላም እዚያው አስተማሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 በልቦለዱ የቡከርን ሽልማት ሲያገኝም ማስተማሩን አልተወም። እንዲያውም በ2021 ያሳተመው መጽሐፍ ከክፍሉ የወጣ ነው፤ የሩሲያን አጫጭር ልቦለዶች ሃያ ዓመት ሲያስተምር ያገኘውን፣ የቼኾቭን፣ የቱርጌኔቭን፣ የቶልስቶይንና የጎጎልን ሰባት ታሪኮች ይዞ ይተነትናል።

“ያንኑ ያንኑ ማስተማር ይሰለቻል” የምንል እስቲ እናስብበት። እሱን ያላሰለቸው፣ ከተማሪ ጋር ባነበበው ቁጥር አዲስ ነገር ስላገኘበት ነው። የእኛስ የአንደኛ ክፍል ንባብ መጽሐፍ ስንት ዓመት ያስተምረን ይሆን?