ችግር የወለደው ጭነት መኪና

«ችግር ብልሃትን ይወልዳል» ይባላል። እውነትነቱን አልክድም። ቅር የሚያሰኘኝ አባባሉ የሚያቆምበት ቦታ ነው፤ ልደቱን አብሥሮ ስለ ምጡ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ወደ ጽሑፎቻችንም የገባ ይመስለኛል። የድሃ ሰው ብልሃት ሲነሣ ብዕራችን ይቀልላል፣ አድናቆታችን ይፈጥናል፤ ብልሃቱ ምን ያህል እንዳስከፈለ፣ ዋጋውንም ማን እንደከፈለ ሳንጠይቅ ወደሚቀጥለው አንቀጽ እናልፋለን።

ሐሳቤን በአንድ አሮጌ መኪና ላስረዳ። መኪናው ሀድሰን ሱፐር ሲክስ ይባላል፤ የ1926 እ.ኤ.አ. ሥሪት የቤት መኪና ነው። የምናገኘው ጆን ስታይንቤክ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» በተሰኘው ልብ ወለድ ውስጥ ነው። የኦክላሆማው የጆድ ቤተሰብ ድርቅና አቧራ፣ ባንክና ትራክተር ተባብረው ከመሬቱ የነቀሉት ጢሰኛ ነው። ያለው ገንዘብ 200 ዶላር ያህል ነበር፤ ከዚያ ላይ 75 ዶላር ከፍሎ ይህን መኪና ገዛ። አባትና የ16 ዓመቱ ልጅ አል ጣሪያውን በመሮ ለሁለት ከፍለው፣ የኋላውን ክፍል አንሥተው በምትኩ የእንጨት መጫኛ ሠሩለት። ለቤተሰብ ሽርሽር የተሠራው መኪና 13 ሰው ከነጓዙ ወደ ካሊፎርኒያ የሚያደርስ ጭነት መኪና ሆነ።

የዚያ ዘመን የቤት መኪና ለእንዲህ ያለው ሥራ የተመቸ ነበር። የላይኛው አካል ከሥሩ ባለው የብረት ሻሲ ላይ የተቀመጠ እንጂ ከእርሱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ስላልነበረ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ ያለው ላሜራ ተቆርጦ ቢነሣም ሸክሙን የሚችለው ሻሲው ነው። የዛሬዎቹ የቤት መኪኖች ግን አብዛኞቹ የተለየ ሻሲ የላቸውም፤ ወለላቸው፣ ምሰሷቸውና ጣሪያቸው ተያይዘው ነው ክብደቱን የሚሸከሙት። ስለዚህ ጣሪያቸውን የሚቆርጥ ሰው አጥንታቸውን መቁረጡ ነው።

ያም ሆኖ መቁረጡ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሒሳብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የኋላው ባሌስትራ የተሠራው ለተሳፋሪ ክብደት ነው። ጭነቱ ከኋላ ጎማ አልፎ በተዘረጋ ቁጥር የመኪናው ፊት ይቀልላል፣ መሪውም መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። ፍሬኑም ቢሆን ያንን ሁሉ ክብደት ቁልቁለት ላይ ለማቆም አልታሰበም። ገንዘብ ያለው ሰው ባሌስትራ ይደርባል፣ ጎማ ይለውጣል። ገንዘብ የሌለው ጭነት ይቀንሳል።

ስታይንቤክን የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ጭነት መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቤተሰቡ ሊጭነው የማይችለውን ንብረት ሁሉ ሸጦ ያገኘው 18 ዶላር ብቻ እንደነበር ይነግረናል። ከመነሣታቸው በፊት እናትየዋ ለብቻዋ ተቀምጣ አሮጌ ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች ያሉበትን ሣጥን ስትከፍት፣ ጥቂት ጌጣጌጥ መርጣ ስታስቀርና ሣጥኑን ምድጃው ውስጥ ስትከተው ያሳየናል። አያትየው ጉዞው በተጀመረ በመጀመሪያው ሌሊት ይሞታሉ። አሮጊቷም በረሃውን ሲያቋርጡ በዚያ የእንጨት መጫኛ ላይ ያርፋሉ፤ መኪናው እንዳይቆም ሲባል እናትየዋ ከሬሳው ጎን ተጋድማ ታነጋለች። መኪናውን የሸጡትንም ዓይነት ሰዎች አልዘለላቸውም፤ የተበላ ማርሽ ድምፁ እንዳይሰማ ሳጋቱራ የሚጨምሩ ነጋዴዎች የራሳቸው ምዕራፍ አላቸው።

«ታዲያ መከራን ብቻ መጻፍ የድሃውን ክብር መግፈፍ አይሆንም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከዚያው መኪና ላይ ይገኛል። አል ሀድሰኑን የመረጠው በዘፈቀደ አልነበረም። ያ ዓይነት መኪና በየአሮጌ ብረት ማከማቻው ሞልቷልና መለዋወጫው በርካሽ እንደሚገኝ አስቦ ነው። ሞተሩን እያዳመጠ የሚነዳው፣ ቢሰበር ተጠያቂ እንደሚሆን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ በዚህም ዕውቀቱ ከታላላቆቹ ምክር ይገባል። ክብሩ ያለው ከዚህ ማመዛዘን ላይ ነው። ደራሲው ችሎታውን ሲያከብርለት ችግሩን አላሳመረለትም።

መቁረጥና መቀጠል በራሱ ታሪክ እንደማይሆን ሁለት ሌሎች አገሮች ያስረዱኛል። በ1932 እ.ኤ.አ. አንዲት የአውስትራሊያ ገበሬ ሚስት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው፣ ሰኞ አሳማዎቻቸውን ገበያ የሚያደርስላቸው መኪና እንዲሠራ ለፎርድ ጻፈች ይባላል። ጂሎንግ በሚገኘው ፋብሪካ ሉ ባንት የተባለ ወጣት ነዳፊ ከፊት የቤት መኪና፣ ከኋላ ጭነት መኪና የሆነ ቅርጽ አወጣ፤ በ1934 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። በስዊድን ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትራክተር ሲጠፋ ገበሬዎች አሮጌ መኪና እየቆረጡ ትራክተር አደረጉ፤ መንግሥትም ደንብ አወጣለት። ዛሬ የዚያ ልማድ ወራሽ የሆነውን ዘገምተኛ ተሽከርካሪ የ15 ዓመት ልጆች ለደስታቸው ይነዱታል። ቅርጹ በሦስቱም አገር ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን አንዷ ጠይቃ ተሰምታለች፣ ሌላው ደንብ ወጥቶለታል። የጆድ ቤተሰብ የነበረው መሮ ብቻ ነው።

ወደ እኛ ስመለስ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ እግር ይሸከማል። በየክፍለ አገሩ ከተማ ጋሪው በመኪና ጎማ ይሽከረከራል። ስለ እነዚህ ነገሮች ስንጽፍ በደስታ እንጽፋለን፤ ደስታውንም አልነቅፍም። ግን ስለ በረባሶ የሚጽፍ ሰው ጎማው የላጠውን ተረከዝ ካላየ፣ ስለ ምድጃው የሚጽፍ ቀኑን ሙሉ ብረት የሚቀጠቀጥበትን ጆሮ ካልጠየቀ፣ የጻፈው ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ሰው አይደለም።

የዚህን ገጽ ጸሐፍት የምለምነው ጥቂት ነው። ከአሮጌ ነገር አዲስ ነገር ያወጣ ሰው ስታገኙ፣ እጁን ከማድነቃችሁ ጋር ስንት እንደከፈለ፣ ከማን እንደገዛ፣ ቦታ አጥቶ የተወውም ምን እንደነበር ጠይቁትና ጻፉልን።